ምን አገባችሁ?

ሰው በራሱ ላይ ያልደረሰ በደል ይዞ ዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል ወይ? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል እንጂ የሰፈር ጥያቄ ነው። ጎረቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ ሰምቶ በሩን የገፋ ሰው የሚቀበለው የመጀመሪያ ቃል «ምን አገባህ?» ነው። ገበያ መሐል ሚዛን ሲሰረቅ አይቶ የተናገረም ያው ነው፤ ባለ ንብረቱ ዝም ካለ አንተ ምን ሆነህ ነው? ቃሉ ራሱ ብልህ ቃል ነው። «ምን አገባህ» ማለት ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባህ ምንድን ነው፥ በየትኛው በር መጣህ ማለት ነው። (ጋብቻም ከዚሁ ግስ የወጣ ስለሆነ፥ አማራው ከአርጎባው፥ አርጎባው ከኦሮሞው፥ ኦሮሞው ከአፋሩ በተጋባበት በይፋት ቆላ «ምን አገባህ?» ለሚል ሰው «እኅትህን!» ብሎ መመለስ ይቻላል። ይህ እንግዲህ ቀልዳችን ነው፤ ወደ ነገራችን እንመለስ።)

ይህችኑ ቃል አንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ራሷ ተጠይቃለች፤ ያውም በዓለም ፍርድ ቤት።

ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በኛ አቆጣጠር እንጽፋለን)፥ ከታኅሣሡ ግርግር አርባ ቀን ያህል ቀደም ብሎ፥ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ሄግ ለሚቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በደቡብ አፍሪካ ላይ ክስ አስገቡ። ክሱ የኢትዮጵያ ድንበር ተገፋ፥ የላይቤሪያ መርከብ ተያዘ የሚል አልነበረም። ዛሬ ናሚቢያ ስለምንላት፥ ያን ጊዜ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስለምትባለው አገር ሕዝብ ነበር። ጀርመን እዚያ በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ የፈጀችውን ፈጅታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትባረር፥ የመንግሥታት ማኅበር አገሪቱን ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። ሞግዚቷም አደራውን ረስታ በቤቷ ያለውን የዘር ሕግ፥ አፓርታይድን፥ ወደዚያው አሻገረችው። በአደራው ሰነድ ላይ ግን ማንኛውም የማኅበሩ አባል ሞግዚቷን ሊከስ ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረ። ከጥቁር አፍሪካ መንግሥታት መካከል በዚያ ማኅበር ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሰኔ 1952 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ጉዳዩን ሲመክሩ ክሱ በነዚህ በሁለቱ እጅ እንዲሄድ ሆነ። የተበደሉት ናሚቢያውያን ራሳቸው መንግሥት ስላልነበሩ የችሎቱን ደጅ መርገጥ አይችሉም ነበር። ተበዳይ ከውጭ ቆሞ ሌላው ስለሱ ይከራከራል ማለት ነው።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አለቀ። መጀመሪያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በ8 ለ7 ድምፅ «ጉዳዩን ማየት እችላለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ጽሑፍ ተጻፈ፥ ያ ሁሉ ምስክር ተሰማ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ፍርዱ ሲነበብ ድምፁ 7 ለ7 ተከፍሎ ነበር። ፕሬዚዳንቱ፥ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር፥ ድምፅ እኩል ሲሆን በሚፈቀድለት ተጨማሪ ድምፅ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ጣለው። የፍርዱ ቃል ሲቀለጥ ይኸው ነው፦ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላሳዩም፤ ሰብዓዊ ርኅራኄ ብቻውን መብት አይወልድም፤ ማንም ሰው ለሕዝብ ብሎ የሚያቀርበውን ክስ የዓለም ሕግ አያውቀውም። አፓርታይድ ልክ ነው አላሉም፥ ስሕተት ነውም አላሉም። «ምን አገባችሁ?» ነው ያሉት። ከሰባቱ አንዱ ጣሊያናዊ ዳኛ እንደነበረ ለታሪክ ያህል መዝግበን እንለፍ።

እስያ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ፍትሕ ስንማር ደራሲዎቹ፥ ዳኞቹ፥ ምሳሌዎቹ አውሮፓውያን ናቸው፤ አፍሪካ ተከሳሽ ሆና ብቅ ትላለች፥ እስያ ደግሞ ጭራሽ የለችም። በዚያ ችሎት ግን ከኛ ጋር ከቆሙት ሰባት ዳኞች ሁለቱ ከእስያ ነበሩ። ሦስተኛውም እንዳይቆም ተደረገ እንጂ ይቆም ነበር ብለን እናምናለን።

አንደኛው የቻይናው ዌሊንግተን ኩ ነው። ይህ ሰው በ1911 ፓሪስ ላይ የሻንዱንግ አውራጃ ለጃፓን ሲሰጥ የቬርሳይን ውል አልፈርምም ካሉት የቻይና መልእክተኞች አንዱ ነበር። ጃፓን በ1924 ማንቹሪያን በወረረች ጊዜም የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ የጮኸው እሱ ነው። ማኅበሩ አጣሪ ላከ፥ ሪፖርት ጻፈ፥ ተወያየ፤ ማንቹሪያ ግን በጃፓን እጅ ቀረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በዚያው ማኅበር ፊት ቆሙ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ ኩ የኢትዮጵያን ክስ ሲሰማ ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያውቀው።

ሁለተኛው የጃፓኑ ኮታሮ ታናካ ነው፤ አገሩን በጠቅላይ ዳኝነት ያገለገለ፥ ወጣት ሳለ ስለ «ዓለም ሕግ» ብዙ ቅጽ የጻፈ የፍልስፍና ሰው። በልዩነት የጻፈው ሐሳብ ረጅምና ከባድ ነው። ፍሬ ነገሩን በራሳችን አፍ እንናገረው፦ የሰው ልጅ መብት መንግሥታት ተሰብስበው የሚፈጥሩት ዕቃ አይደለም፤ ከነሱ በፊት ነበረ፥ እነሱ የሚያደርጉት ማወቅ ብቻ ነው። እኩልነት ማለትም ሁሉን በአንድ ልክ መስፋት አይደለም፤ ሕፃንና ዐዋቂ፥ በሽተኛና ጤነኛ ልዩ ልዩ አያያዝ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ሰውን ከሰው ለይቶ የሚይዝ ሁሉ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ጫንቃ ላይ ነው፤ የቆዳ ቀለም ደግሞ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ደቡብ አፍሪካ «ለየብቻ የምናኖራቸው ለራሳቸው ጥቅም ነው» ስትል የቆየችበትን ክርክር ይህ ከሥሩ ይነቅለዋል። ታናካን ግን መልአክ እንዳናደርገው። በ1952 በራሱ አገር የአሜሪካን ጦር ሰፈር የሚመለከት ትልቅ ጉዳይ ሲያይ፥ ፍርዱ ሳይሰጥ ከአሜሪካ አምባሳደር ጋር ተገናኝቶ እንደነበረ ኋላ የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። ሰውዬው ስለ ዊንድሁክ የጻፈውን ያህል ለቶኪዮ ነጻ ነበር ለማለት አይቻልም። ሐሳቡ ግን ከሰውዬው ይበልጣል፤ ይህም በፍልስፍና የተለመደ ነው።

ሦስተኛው የፓኪስታኑ ዛፍሩላ ኻን ነው። ቀደም ሲል ከሳሾቹ ለልዩ ዳኝነት አጭተውት ነበር በሚል ሰበብ በ1958ቱ ፍርድ ሳይቀመጥ ቀረ። አንድ ወንበር ባዶ ባይሆን ኖሮ 7 ለ7 የሚባል ነገር ባልተፈጠረ። ግን ጊዜ የራሱ ቀልድ አለው፦ ሰኔ 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት፥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሞግዚትነቱን በጥቅምት 1959 መሻሩን ተከትሎ፥ ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት ሲሰጥ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተቀመጠው ዛፍሩላ ኻን ነበር። ናሚቢያ ነጻ እስክትወጣ ግን እስከ መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት።

እስቲ ለተቃራኒው ወገንም እንፍረድ። «ምን አገባችሁ?» ያሉት ሰባት ዳኞች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ብለን ብንደመድም ይቀለን ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሁሉም ስለ ሁሉ ያገባኛል ካለ መጨረሻው ምን ይሆናል? በ1928 ዋዜማ ሙሶሊኒ ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረበው ጽሑፍ እኮ «ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት አለ፥ ሕዝቡ ተበድሏል» የሚል ነበር! ባርነቱ እውነት ነበር፤ ያገባኛል ባዩ ግን የመጣው የመርዝ ጋዝ ጭኖ ነው። ጃፓንም ማንቹሪያን ስትይዝ ሥርዐት ላስከብር ነው ብላ ነበር። ስለዚህ «ያገባኛል» የሚለው ቃል ብቻውን አያጸድቅም። የተኩላም ቃል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ተኩላውን ከጎረቤቱ በምን እንለየው? መልሱን ሄግ ብቻ ከመፈለግ ወደ ይፋት እንውረድ፤ እዚያ ጥያቄው ከፍርድ ቤቱ በፊት ነበረና። በጥንቱ ሥርዐት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመንገድ የሚያልፍ ማንም ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ተጣዪዎቹ መቆም አለባቸው። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። (የሮቢን ወንዝ በሐምሌ ያየ ሰው ይህን ተረት አያምንም።) ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው፥ ዳኛ ሩቅ ከሆነ ያንኑ መንገደኛ ዳኛ አድርገው ያስቀምጡታል። ያ መንገደኛ ዘመድ አይደለም፥ ድንበርተኛ አይደለም፥ ከነገሩ የሚያገኘው አንዲት ቁና እህል የለም። ዳኛ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። የዓለም ፍርድ ቤት «ጥቅም የለህምና ውጣ» ያለውን የኛ መንገድ «ጥቅም የለህምና ተቀመጥ» ይለው ነበር። ደም በተቃቡ ወገኖች መካከልም በይፋትና በወሎ አበጋሮች አሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው፥ ዱዓ አድርገው፥ ቡና አስፈልተው ደም የሚያደርቁ። የናሚቢያን ክስ ታሪክ የነገርናቸው አንድ የሸዋ ሮቢት ሽማግሌ ድምፁ ሰባት ለሰባት መሆኑን ሲሰሙ፥ «ታዲያ ሳይስማሙ እንዴት ተነሡ?» አሉን። ለዚህ የሚሆን መልስ በትምህርታችን ውስጥ አላገኘንም።

ከዚህ የምንቀዳው መለኪያ አለ። ያገባኛል የሚል ሰው ምን ይዞ መጣ? ከነገሩ ምን ያገኛል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፥ ነገ በራሱ ደጅ ላይ ሌላው «በሕግ አምላክ» ቢል ይቆማል ወይ? ሙሶሊኒ በነዚህ ሁሉ ይወድቃል። በ1953ቷ ኢትዮጵያ ላይ ስንመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ታልፋለች፤ ወረቀት ይዛ ሄደች፥ ለራሷ ሽራፊ መሬት አልጠየቀች። ከዚያም በፊት ቃሏን በሥራ አሳይታ ነበር፦ ማንም ሳይደርስላት የቀረች አገር በሚያዝያ 1943 የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ላከች፤ በየተራው ከ6 ሺህ በላይ ወታደር ዘመተ፥ ከ120 በላይ እዚያ ወደቀ። ኮርያ ምን አገባን ያለ ሰው በጊዜው አልጠፋም ይሆናል። (የዘመቻውን ፖለቲካ፥ የአሜሪካንን ጥቅም፥ ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።) ሦስተኛውን መለኪያ፥ የራስን ደጅ፥ ቆይተን እንመጣበታለን።

ጥቅም ሲሆን ግን «ምን አገባህ» የሚል አለመኖሩን ልብ በሉ። የይፋት ቆላ ገበሬ የሚያመርተው ማሾ ህንድና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይሄዳል። በሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ የነበረው የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. በተደረገ የአክሲዮን ሽያጭ አብላጫው የጃፓን ኩባንያ ሆኗል። የሮቢት ትምባሆ የቶኪዮ ባለ አክሲዮን ጉዳይ ነው ሲባል ማንም አይደንቀውም። የሮቢት እንባ የቶኪዮ ጉዳይ ነው ያልን ቀን ግን እብድ እንባላለን።

ፍርድ ቤቱ ራሱ የ1958ቱን ቃሉን ቀስ በቀስ እየበላው መጥቷል። ትልቁ ለውጥ የታየው በእስያ ጉዳይ ነው። ኅዳር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ትንሿ ጋምቢያ ሚያንማርን በሮሂንጋ ሕዝብ ላይ የዘር ማጥፋት ፈጽማለች ብላ ከሰሰች። ነገሩን የጀመሩት የጋምቢያ የፍትሕ ሚኒስትር ቀድሞ በሩዋንዳው የአሩሻ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የስደተኞቹን ሰፈር ባንግላዴሽ ሄደው አይተውት ነበር። ሚያንማር በበኩሏ ያችኑ አሮጌ ቃል አነሣች፦ ጋምቢያ ሩቅ ናት፥ አንድም ዜጋዋ አልተነካም፥ ምን አገባት? ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በ15 ለ1 መለሰ፦ የዘር ማጥፋትን ለመከላከል ቃል የገባ መንግሥት ሁሉ ያገባዋል። ያቺ አንዷ ድምፅ የቻይናዋ ዳኛ የሹዌ ሃንቺን ነበረች። በ1958 ቻይናዊው ዳኛ ያገባቸዋል ብሎ ነበር፤ በ2014 ቻይናዊቷ አያገባትም አለች። ስለዚህ «እስያ እንዲህ ታስባለች» የሚል ጥናት ሲያጋጥመን ተጠንቅቀን እናንብበው። ደግሞ ይህን እናስታውስ፦ ክሱ የተመሠረተበትን የዘር ማጥፋት ስምምነት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ፥ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፥ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። በ1958 «ምን አገባችሁ» ስትል ያመለጠችው ደቡብ አፍሪካም ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ ጋዛ ሕዝብ እስራኤልን ከሳ በዚያው ችሎት ቆማለች።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በካራቆሬ፥ በጅሌ ጥሙጋ፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሰው አለቀ፥ ብዙ ሺህ ተፈናቀለ፤ አማራም ኦሮሞም። የሰንበቴ ገበያ ላይ አብሮ ይገበያይ የነበረ ሕዝብ ነው። በኅዳር 2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ሸዋ ሮቢት ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ኢትዮጵያን የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን በ21 ድጋፍ፥ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ አቋቋመ። ከአፍሪካ አንድም አልደገፈም። ቻይናና ህንድ ተቃወሙ፤ ጃፓንና ደቡብ ኮርያ ደገፉ። ጣሊያንም ደገፈች። የኢትዮጵያ መንግሥት ኮሚሽኑን አልቀበልም አለ፤ ኮሚሽኑም በ2016 መጀመሪያ ላይ ዘመኑ ሳይታደስ ቀረ። የ1953ቷ ከሳሽ የደቡብ አፍሪካን ቃል ተዋሰች።

የመንግሥት መከራከሪያ ባዶ ነው አንልም። የዓለም ፍትሕ ዐይኑን ገልጦ ሲመርጥ አይተናል። ቶኪዮ ላይ የጃፓን መሪዎች ሲከሰሱ ዘመኑ ወደ ኋላ ተስቦ ከጦርነቱ በፊት የተሠራው ሁሉ፥ ማንቹሪያም ጭምር፥ ገባበት፤ ሰባት ሰዎች ተሰቀሉ። ኢትዮጵያ የባዶሊዮንና የግራዚያኒን ስም ጨምራ አሥር ጣሊያኖችን ብታቀርብ ግን አንድም ለፍርድ አልተሰጣትም። ግራዚያኒን የገዛ አገሩ በ1942 ዓ.ም. የፈረደበት ከጀርመን ጋር በማበሩ ነው፤ ስለ የካቲት 12፥ ስለ ደብረ ሊባኖስ አልተጠየቀም፥ 19 ዓመት ተፈርዶበትም በዚያው ዓመት ተፈታ። ይህን የሚያውቅ ሰው የውጭ መርማሪ ሲመጣ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን እኮ በ1953 የነበሩት ኢትዮጵያውያን ይህን ከኛ ይልቅ በሥጋቸው ያውቁት ነበር፤ አውቀውም ወደዚያው ፍርድ ቤት ሄዱ። የተዛባ ሚዛን ያየ ሰው ሚዛኑ ይስተካከል ይላል። ሚዛን ይቅር የሚለው ብዙ ጊዜ ነጋዴው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ያችው ቃል አለች። የአጣዬን ነገር ለመመረቂያ ጽሑፍ ላንሣ ያለ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው አገሩ የት እንደሆነ ነው። ካካባቢው ከሆነ «ወገንተኛ ነህ» ይባላል፤ ካልሆነ «ምን አገባህ?» ይባላል። በሁለቱ መካከል ጥናቱ ሳይጻፍ ይቀራል። ከኛ ውስጥ የይፋት ልጆችም የሌላ አገር ልጆችም አለን፥ ሁለቱንም መልስ ቀምሰናል።

ለጊዜው የያዝነው ሥራ ትንሽ ነው፤ የታናካን ሐሳብ ጥቂት ገጽ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀምጠናል። ገና ከመጀመሪያው ፍርዱ የተንጠለጠለበት «ሊጋል ራይት ኦር ኢንተረስት» የሚለው ሐረግ ላይ ተጣብቀን ቆመናል። አንዳችን «ሕጋዊ ጥቅም» እንበለው አለ፤ ሌላዋ ጥቅም ካልነው ነጋዴ አደረግነው ብላ እምቢ አለች። የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛችን «አግባብ» ይሁን ይላል፥ ከ«አገባው» ጋር አንድ ሥር ነውና። «አግባብ የላችሁም» ብሎ ፍርድ ግን ለጆሯችን አልመጣ አለን። ሐሙስ ማታ እንደገና እንቀመጣለን፤ የተሻለ ቃል ያለው ይምጣ።